ቦታ የሚለቅ ማነው?

ለመሆኑ በድንጋይ መሐል መንገድ አለ ወይ?

ጥያቄው የተነሣው በዋዛ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፋና ስድስታችንም በየአልጋችን ጋደም ብለን ጨለማውን ስናማ ቆየን። የሚያበራው የአንዳችን ስልክ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ባትሪው አብጦ የጀርባ ክዳኑን ገፍቶታል፤ በላስቲክ ታስሮ ነው የሚውለው። ፊዚክስ የሚያጠናው ጓደኛችን «ኧረ ይህን ነገር ጣለው፤ አንድ ሌሊት ከነፍራሽህ ያነድሃል» አለ። ባለ ስልኩ የይፋግ ልጅ ነው። «ጥዬውስ አባቴ በምን ያገኘኛል? ሰሞኑን ይደውላል» ብሎ መለሰ። የአባቱ ስልክ ለምን እንደሚጠበቅ ሁላችንም እናውቅ ስለነበር ዝም አልን።

ዝምታው ሲከብድ አንዱ «ግን ለምንድነው የሚያብጠው?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አቆየን፤ ለሦስት ሳምንትም አልለቀቀንም። እዚህ የምንጽፈው ያንኑ ነው። ስለ ባትሪ ልናስተምር አይደለም፤ ለዚያ ክፍሉም መምህሩም አለ። እኛን የያዘን ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሰው ወደፊት እንዲያልፍ ቦታ መልቀቅ ያለበት ማነው?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ባትሪ ሁለት ጫፍ አለው። በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚመላለሰው ሊቲየም፣ ከብረታ ብረት ሁሉ ቀላሉ ነው። ባትሪው ሥራ ሲጀምር እያንዳንዱ ሊቲየም ከአንድ ኤሌክትሮኑ ይለያል። ኤሌክትሮኑ በውጭ፣ በሽቦው በኩል ይዞራል፤ አምፖሉን የሚያበራው፣ ድምፁን የሚያሰማው እሱ ነው። ኤሌክትሮኑን የተለየው ሊቲየም፣ አዮን የምንለው፣ ደግሞ በውስጥ በኩል ያቋርጣል። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። የውስጠኛው ካልተራመደ የውጪኛውም ይቆማል። ምስጋናው ግን ሁልጊዜ የሚያበራው ነው። ይህን ለጊዜው ልብ ብላችሁ ያዙልን።

አዮኑ የሚያቋርጥበት መካከለኛ ነገር ኤሌክትሮላይት ይባላል። ሶኒ ኩባንያ የሊቲየም አዮን ባትሪን እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ በየኪሳችን የምንይዘው ባትሪ ኤሌክትሮላይቱ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹም እሳት የሚወድ ነው። ሲያረጅ ወይም ሲጎዳ ጋዝ ያወጣል። የጓደኛችን ስልክ ያበጠው በዚሁ ነው። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ጀምሮ ነገሩ ከኪስ ወጥቶ መንገድ ላይ ውሏል። ስለዚህ «ፈሳሹን አስወጥተን በምትኩ እንደ ሸክላ ያለ ጠጣር ነገር ብናስገባስ?» የሚለው ጥያቄ የዓለምን ቤተ ሙከራዎች ይዟቸዋል። ታይፔ በሚገኘው የታይዋን ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በባትሪ ምርምር ላይ ዶክትሬታቸውን የሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው።

«ሸክላ ውስጥ ደግሞ ምን ያልፋል?» አለ የሥነ ጽሑፍ ተማሪው። «ውኃ ውስጥ ዋናተኛ ያልፋል። ግድግዳ ውስጥ ማን ያልፋል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሊቃውንትም ጠይቀውታል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አንዳንድ ጠጣር ነገሮች፣ ለምሳሌ እርሳስ ፍሎራይድ፣ ሲሞቁ ሳይቀልጡ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፉ አስተዋለ። ለምን እንደሆነ ግን በደንብ የተብራራው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ያኮቭ ፍሬንክል የተባለው ሩሲያዊ፣ በ1930 ደግሞ ካርል ዋግነርና ዋልተር ሾትኪ የተባሉት ጀርመናውያን ያስረዱት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ጠጣር ስንል አተሞቹ በየቦታቸው በረድፍ የተደረደሩ ማለታችን ነው፤ ድርድሩ ግን ፍጹም አይደለም። አልፎ አልፎ አንዱ ቦታውን ለቆ ይገኛል። አንድ ባዶ ቦታ ካለ ጎረቤቱ ዘሎ ይገባበታል፤ የጎረቤቱ ቦታ ደግሞ በተራው ባዶ ይሆናል፤ ቀጣዩ ይገባበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ግድግዳው ሳይፈርስ መንገደኛው ያልፋል።

ነገሩ ያልገባን መስሎት ይሁን አይታወቅም፣ የፊዚክሱ ጓደኛችን ሚኒባስ አመጣልን። ከወረታ ወደ ይፋግ የሚሄድ፣ ጢም ብሎ የሞላ ሚኒባስ አስቡ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ብሎ ብሎ መጠጊያ አልቋል። ከኋላ ጥግ የተቀመጡ አንዲት እናት «ወራጅ አለ!» ይላሉ። ያ ሁሉ ሰው ቢያዝንላቸው፣ ቢያከብራቸው፣ «እማማ ይለፉ» ቢላቸው ዋጋ የለውም፤ ማለፊያ የለም። በሩ አጠገብ ታጣፊዋ ወንበር ላይ ያለው ወጣት ሲወርድ ነው ነገር የሚከፈተው። እሱ ሲወርድ ከኋላው ያለው ይጠጋል፤ ያ ሲጠጋ ሌላው ይነሣል፤ በመጨረሻ እናታችን ይወጣሉ። ሰዉ ወደ በሩ ሲሄድ ባዶው ቦታ ከበሩ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ጠጣር ውስጥም እንዲሁ ነው። አዮኑ አንድ እርምጃ ወደፊት በሄደ ቁጥር ባዶው ቦታ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይመጣል።

«አሞሌም እኮ ጠጣር ነው» አለ የይፋጉ ልጅ በጨለማ ውስጥ። አገሩን የሚያውቅ የሚለውን ያውቃል። ዛሬ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚጓዘው ሰው በመስኮት አይቷት የሚያልፋት ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቤጌምድር ትልቅ ገበያና የቀረጥ ኬላ ነበረች። ከአፋር ጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ፣ በትግራይና በሰቆጣ ዞሮ የሚመጣው አሞሌ እዚያ ይደርስ ነበር። ከተቆረጠበት በራቀ ቁጥርም ዋጋው ከፍ ይላል። የፊዚክሱ ተማሪ ግን «አሞሌው ራሱ ይሄዳል እንጂ በውስጡ የሚሄድ ብዙ የለም» አለ። እውነቱን ነው። ጨው በተለመደው የአየር ሙቀት ባዶ ቦታው እጅግ ጥቂት ነው፤ ቦታ የሌለው ድርድር ደግሞ መንገደኛ አያሳልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። እ.ኤ.አ. በ2007 ጀርመን ውስጥ በኪል ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች አንድ ሸክላ መሳይ ነገር አስተዋወቁ። ቀመሩ ሊቲየም 7፣ ላንታነም 3፣ ዚርኮኒየም 2፣ ኦክስጅን 12 ነው። ይኸው አንድ ነገር ሁለት መልክ አለው። በአንደኛው መልኩ ሊቲየሞቹ እያንዳንዳቸው የተመደበላቸውን ቦታ ይዘው፣ በሥርዓት ተደርድረው ይቀመጣሉ። ማን የት እንዳለ ይታወቃል፤ ግራ የሚያጋባ የለም። በሁለተኛው መልኩ ግን ሊቲየሞቹ ከቦታዎቹ ቁጥር ያንሳሉ፤ ይቺ ቦታ የእገሌ ናት ተብሎ አልተወሰነም፤ አንዳንዱ ቦታ ተይዞ አንዳንዱ ባዶ ነው። እስቲ ገምቱ፣ የትኛው የተሻለ ያሳልፋል? ሁለተኛው ከመጀመሪያው መቶ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ፍጹም ሥርዓት የያዘው ያቆማል፤ ጎደሎው ያሳልፋል።

ያንን ጎደሎ እንዴት ያመጡታል? ከዚርኮኒየሙ ጥቂቱን በታንታለም ይተኩታል። ዚርኮኒየም አራት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ሲገባ ታንታለም አምስት ይዞ ይገባል። ሒሳቡ እንዲስተካከል በእያንዳንዱ ታንታለም ልክ አንድ ሊቲየም መጉደል አለበት። በዚህ ዓይነት ሰባት የነበረው ሊቲየም ስድስት ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ባዶ ቦታ ይገኛል፤ መንገዱም ይከፈታል። የሚገርመው ደግሞ በእኛው ሀገር፣ በጉጂ ዞን በቀንጢቻ፣ ታንታለም ሲወጣበት የኖረው ዐለት ሊቲየምም ያለበት መሆኑ ነው። የሚያልፈውና መንገድ የሚከፍትለት ባንድ ድንጋይ ውስጥ አብረው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ የይፋጉ ልጅ ከአልጋው ተነሥቶ ተቀመጠ። «የኛ ቤት የመጀመሪያው መልክ ነው» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ እርሻቸው አራት ጥማድ የማይሞላ ነው። ልጆቹ አምስት ናቸው። ታላቁ አግብቶ ከአባቱ መሬት ላይ ተቆርጦለታል። ታናሹ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ትቶ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርዳል፤ ሁለት ጊዜ በወባ ታሞ ተመልሷል። አሁን ትዳር ይዞ አገሩ መቀመጥ ይፈልጋል፤ የሚቀመጥበት ግን የለውም። አባትየው ተማሪውን ልጃቸውን የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «አንተ ተምረሃል። ድርሻህን ለታናሽህ ትለቅለታለህ ወይስ ትይዛለህ?» ተማሪው ዘንድሮ ይመረቃል። ዘንድሮ የሚመረቅ የጂኦግራፊ ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው ይህን የምታነቡ ሁሉ ታውቃላችሁ። አምና የተመረቁት የመንደሩ ልጆች ዲግሪያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከየወላጆቻቸው ቤት ተቀምጠዋል።

እንግዲህ ፍረዱ። በመጀመሪያው ማታ አብዛኞቻችን ያለ ብዙ ማመንታት «ልቀቅለት!» አልነው። ምክንያታችን ከሳይንሱ የተቀዳ መሰለን። ባዶ ቦታ ከሌለ እንቅስቃሴ የለም፤ አንተ ብትለቅ ወንድምህ ይገባል፤ ወንድምህ ቢገባ ከመተማ በረሃና ከወባ ይድናል፤ ሁሉም የያዘውን አጥብቆ ከያዘማ ቤተሰቡ አሞሌ ሆኖ ይቀራል። ንግግራችን አማረብን። ራሳችንን ወደድነው።

የሥነ ጽሑፉ ተማሪ ግን አልተዋጠለትም። ሁለት ነገር አነሣብን። ሁለቱንም እዚህ እናሰፍራቸዋለን፤ ተሸንፈንባቸዋልና።

አንደኛው፣ «አተም አያለቅስም» አለ። ቁስ አካል ግዴታ የለበትም፤ መብትም የለውም። ሊቲየም ከቦታው ቢለቅ ማንንም አልወደደም፣ ማንንም አልበደለም። ከድንጋይ ጠባይ ተነሥቶ ሰው እንዲህ ያድርግ ማለት አይቻልም፤ ውኃ ቁልቁል ስለሚፈስ ሰው ቁልቁል ይሂድ እንደማለት ነው። በዚህ ላይ ባዶ ቦታ የሚገኝበት መንገድ ሁሉ አንድ አይደለም። ተመራማሪው ሊቲየሙን ከተቀመጠበት ጎትቶ አላወጣውም፤ ገና ሲቀምም አስቦ ነው ቁጥሩን ያሳነሰው። በሀገራችን ታሪክ ግን ቦታ የተለቀቀው ብዙውን ጊዜ ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ለብዙ ጭሰኛ ቀን ወጣለት። ከዚያም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌለው ተሰጠ፤ ያገኘው ተደሰተ፤ የተቀነሰበት ደግሞ እስከ ዛሬ ይተርካል። ሽግሽግ የሚለው ቃል ራሱ የሚኒባሱን «ጠጋ በሉ» ይመስላል፤ ሆኖም የተጠጋው ሰው አጥንት አለው። ይህን ሳያነሡ ባዶ ቦታን ማወደስ፣ የሌላውን ወንበር ባዶ አድርጎ ማየት ነው።

ይህን ተቀበልነው። ከድንጋይ ትእዛዝ አንቀበልም። ግን ከድንጋይ ጥያቄ መቀበል ይቻላል ብለን እናስባለን። አንድ ነገር በሰው መካከል በስሜት፣ በዝምድናና በይሉኝታ ተሸፍኖ ሲያስቸግረን፣ እዚያ ይሉኝታ በሌለበት ቦታ አጥርቶ ማየት ይጠቅማል። ተመልሰን ስንመጣ ግን የምንመዝነው በሰው ሚዛን ነው።

ሁለተኛው ነገሩ የበለጠ አሸነፈን። «ሚኒባሱን ረሳችሁት» አለን። «ቦታ የተከፈተው ከየት በኩል ነው? ከበሩ በኩል አይደለም? እናንተ ግን ከኋላ ጥግ ያለውን ሰውዬ ‹ለጎረቤትህ ልቀቅ› እያላችሁት ነው። ለቅቆ ወዴት ይሂድ? ፊቱ ሁሉ ተይዟል። ይህ ቦታ መልቀቅ አይባልም፤ በመስኮት መወርወር ነው።»

ዝም አልን። እውነትም ረስተነዋል። አዮን ቦታውን የሚለቀው ፊቱ ያለው ቦታ ሲከፈት ነው። ጉድለቱ ከፊት ነው የሚጀምረው፤ ወደኋላ የሚሄደው እሱ ነው። የይፋጉ ልጅ መሬቱን ቢለቅ ወንድሙ እንደሚገባበት እርግጥ ነው። እሱ ግን ወደ የት ይግባ? ሦስት ወንበር ባንድ ጊዜ የያዘ ሰው ከፊት ተቀምጧል፤ ጡረታው ደርሶ አልነሣም ያለ አለ፤ ቅጥር የሚያወጣ ቢሮ ማስታወቂያውን ለጥፎ ሲያበቃ ቦታውን ለዘመድ ያስቀመጠ አለ። ወይስ ፊት ያለው ክፍት ቦታ ታይፔ ብቻ ነው? እነዚያ በባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ቢሆኑ እዚህ ቦታ ቢያገኙ ይሄዱ ነበር ወይ? እንግዲህ ከሁሉ በፊት «ልቀቅ» መባል ያለበት ከፊት ያለው ነው። እኛ ግን የለመድነው ከኋላ ያለውን መምከር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከኋላ ያለው ይሰማናል፤ ከፊት ያለው ጀርባውን ሰጥቶናል።

በነጋታው የፊዚክሱ ጓደኛችን ጨምሮ የነገረን ነገር ክርክሩን ወደ ሌላ መለሰው። ቀደም ሲል አዮኖቹ አንድ በአንድ እየዘለሉ ይሄዳሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ለመዝለል በመካከል ያለውን ጠባብ በር ማለፍ ያስፈልጋል። አዮኑ ባለበት ሆኖ በሰከንድ ትሪሊዮን ጊዜና ከዚያም በላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሙከራው ሁሉ ማለት ይቻላል ይከሽፋል። በጥሩዎቹ ጠጣሮች እንኳ በሩን ለማለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ተራ ሙቀት ከሚሰጠው አሥር እጥፍ ያህል ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር አስልተው እንዳሳዩት፣ ፈጣን በሆኑት ጠጣሮች ውስጥ አዮኖቹ የሚሄዱት ብዙ ሆነው ባንድ ጊዜ ነው። ከፍ ካለ ቦታ የሚወርደው ወደ ላይ የሚወጣውን ያግዘዋል፤ የአንዱ ቁልቁለት የሌላውን ዳገት ያቀልለታል።

ይህንንማ ሳይንቲስት ሳይነግረን እናውቀዋለን። ደቦ ይባላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የይፋጉን ልጅ ጥያቄ ሁላችንም የአንድ ሰው ጥያቄ አድርገን ነበር የያዝነው፦ ትለቃለህ ወይስ አትለቅም? ብቻውን ከለቀቀ ዳገቱን ብቻውን ይወጣል። ታላቅዬው የተቆረጠለት መሬት አለው፤ ስለምን እሱ አልተጠየቀም? ታናሽዬው መሬቱን ቢያገኝ ወንድሙ ሥራ እስኪይዝ ከምርቱ ሊያካፍለው አይገባም? አባትየውስ ስለምን ሁሉን ነገር በአንድ የስልክ ጥሪ ከአንድ ልጅ ይጠብቃሉ? አምስቱም ባንድ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ቢንቀሳቀሱ ማንም በመስኮት አይወረወርም።

ደግሞ የሚያልፈውን ብቻ ሳይሆን የሚያሳልፈውንም እንይ። በዚያ ሸክላ ውስጥ ላንታነሙም ኦክስጅኑም ከቦታቸው አይሄዱም። ግድግዳው እነሱ ናቸው። ነገር ግን ሬሳ ሆነው አይቆሙም፤ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሲንቀጠቀጡም በሩ ሰፋ ጠበብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ውስጥ የተሠራ አንድ ጠጣር አዮንን በማሳለፍ ከፈሳሽ ጋር ተወዳደረ። በእሱ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ የያዘው ድኝ ነው፤ ድኝ ተለቅ ያለና ገር የሆነ አተም ስለሆነ መንገደኛውን አጥብቆ አይዘውም። ገርነት ግን ዋጋ አለው። ያ ጠጣር እርጥበት ካገኘው ይበላሻል፤ መርዘኛ ጋዝም ያወጣል። ኦክስጅን ያለበት ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ግን ቅንጣቶቹ በሚገናኙበት ድንበር ላይ መንገደኛው ይጉላላል። ጠንካራውም ገሩም የየራሳቸው ኃጢአት አላቸው። ወላጆቻችንን ስንወቅስ ይህን ብናስብ ጥሩ ነው። እነሱ ቀሩ፣ እኛ ሄድን እንላለን። እነሱ ባይቆሙ በምን ውስጥ እናልፍ ነበር?

ሌላም አለ። ጥሩ ኤሌክትሮላይት አዮንን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሮንን ግን አያሳልፍም። ሁለቱንም ካሳለፈ ባትሪው ምንም ሳይሠራ በውስጡ ያልቃል። ሁሉን የሚያሳልፍ በር በር አይደለም፤ የፈረሰ አጥር ነው። በጠንካራው ሸክላ ውስጥ እንኳ አንዳንዴ ሊቲየም ስንጥቅ ካገኘ በዚያች ስንጥቅ ተሰልፎ እየገባ ይጠራቀማል፤ እንደ ሥር እያደገ ወዲያኛውን ጫፍ ሲነካ ባትሪው ያበቃል። ሰውም ቀና መንገድ ሲዘጋበት ስንጥቅ ይፈልጋል፤ በአንዲት ስንጥቅ ሁሉም ሲጎርፍ ቤቱን ይሰነጥቀዋል። በመተማ በኩል የሚወጣውን ወጣት ስናይ ጥፋቱን በወጣቱ ላይ ብቻ አንጫን። ቀናውን መንገድ ማን ዘጋው ብለንም እንጠይቅ።

ከሁለት ቀን በኋላ አባትየው ደወሉ። ስልኩ አሁንም በላስቲክ ታስሯል። ሁላችንም የማንሰማ መስለን ሰማን። የይፋጉ ልጅ ብዙ ሰላምታ ከተለዋወጠ በኋላ «አባባ፣ እሱ ይረሰው። ግን ስሜን ከደብተሩ አያውጡት። ታላቅ ወንድሜንም ይጥሩና አምስታችንም ለፋሲካ እንነጋገር» አላቸው። አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ይሁን እስቲ» አሉ።

እኛ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ከስድስታችን ሁለቱ «ስሜን አታውጡት ማለትስ መያዝ አይደለም ወይ?» ይላሉ። እሱ የተናገረውን ቃል ይዘው ሌላ ነገር አሳዩን። ፈተና ሲቀርብ ቤተ መጻሕፍት ግቡ። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። በማን? በደብተር። ማልዶ የመጣ ደብተሩን አስቀምጦ ሄዶ ይተኛል፤ ለጓደኛውም ሁለተኛ ደብተር አስቀምጧል። ዘግይቶ የመጣ ቆሞ ያነባል። ያ ወንበር ባዶ ነው፤ ግን አያሳልፍም። የሚኒስትሩን፣ የሥራ አስኪያጁንና የዘመድ አዝማዱን ወንበር ስንወቅስ አምሽተን ጧት ደብተራችንን ይዘን የምንሮጥ እኛው ነን።

የቀሩት አራቱ፣ ይህን የጻፍነውም ከነሱ ጋር ሆነን ነው፣ መልሳችን እንዲህ ነው። ፊቱ ተዘግቶበት ስሙን ከይዞታ ደብተር ላይ የማያወጣ ሰውና ሌላ ወንበር ይዞ ሳለ በዚህኛው ላይ ደብተር የሚያስቀምጥ ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መውደቂያ እየፈለገ ነው፤ ሁለተኛው መንገድ እየዘጋ ነው። ስለዚህ «ቦታ የሚለቅ ማነው?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ቀላል ነው፦ ለበሩ የቀረበው ይቅደም። ከኋላ ያለውን ከመምከራችን በፊት እኛ ከማን ፊት እንደተቀመጥን ዞር ብለን እንይ። ከዚያ ደብተራችንን እናንሣ።

የተቃወመን ካለ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ቅጽ ቦታ አስቀርተንለታል።